በረዶ የሌለበት ቤት

ልጄ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው፤ ይኸው ዓርብ ሆነ። መልስ ልጽፍ ስቀመጥ ስነሳ ሰነበትኩ። ጥያቄሽ እኮ ቀላል ነበር። «ጋሼ፣ ለሥራ ልምምድ ወደ ናቫሆ አገር ልሄድ ነው፤ ከመሄዴ በፊት ምን ላንብብ?» ነው ያልሽኝ። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ስለሆነ የመጻሕፍት ዝርዝር ጽፌ ልልክልሽ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ግን «ምን ላንብብ» የሚለውን ሳይ አንዲት ወረቀት ትዝ አለችኝ፤ ግድግዳ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተሰካች። የእሷን ነገር ሳልነግርሽ ወደ መጽሐፉ መሄድ አልቻልኩም። ለጓደኞችሽም አንብቢላቸው፤ እዚያ ኦሮራ ሦስት አራት ሆናችሁ ይህንኑ ሙያ እንደምትማሩ እናትሽ ነግራኛለች።

መቼም የሙያችን ስም ሰውን ያሳስታል። «አትሌቲክ ትሬይነር» ስትይው ሁሉም አሰልጣኝ ይመስለዋል፤ ሥራችን ግን የስፖርተኛን ጉዳት ማከም ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አሰላ ሆና ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ አሜሪካ ወጌሻ ሆነልኝ» ትል ነበር። ያኔ አፍሬባት ነበር። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ፣ የአጥንቱን ስም ሁሉ በላቲን በቃሌ ይዤ፣ ወጌሻ! ዛሬ ሳስበው ከእሷ የተሻለ የተረጎመው ሰው አላገኘሁም። ኳስ ሜዳ ላይ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠውንስ ወጌሻ አይደል የምንለው?

የእኛ ሰፈር ወጌሻ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ጥያቄያቸው አያልቅም። የማን ልጅ ነህ? የት ወደቅህ? ማን አብሮህ ነበር? ትናንት ማታ ምን በላህ? ቅቤውን እያሟሙ ነው የሚጠይቁት። እኔ ሕመሙን ሊያስረሱኝ ይመስለኝ ነበር። ወጌሻን ላወድስልሽ ፈልጌ ግን አይደለም፤ በቀርቀሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ደም አጥቶ እጁን የተቆረጠ ልጅ አብሮኝ ተምሯል። ጥያቄያቸውን ነው የማነሳልሽ።

ወደ ነገሬ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በሱዳን በኩል አሜሪካ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ። በሰሜን ምዕራብ ኒው ሜክሲኮ፣ የናቫሆ አገር ጠርዝ ላይ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የጠዋቱ ብርድ አርሲን ያስታውሰኛል። ናቫሆዎች ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው፤ እኛ በአማርኛ እነዚህን ሕዝቦች እስከ ዛሬ «ቀይ ሕንዶች» እንላቸዋለን፤ ይህን ቃል ይዘሽባቸው እንዳትሄጂ። እነሱ ራሳቸውን ዲኔ ይላሉ፣ «ሕዝቡ» ማለት ነው። አገራቸው በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ላይ የተዘረጋ፣ ከ70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ምድር ነው። በ1864 ወታደር እየነዳ ከዚያ አስወጥቷቸው፣ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው፣ አራት ዓመት በግዞት ኖረው በ1868 ውል ፈርመው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ይህን መጽሐፉም ይነግርሻል። እኔም አንብቤ ነበር። ዋናው ችግሬ እሱ ይመስለኛል፤ አንብቤ ስለነበር የማውቅ መሰለኝ።

የልብስ መቀየሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ የቢሊ ሚልስ ፎቶ ነበር። ቢሊ ሚልስ ዲኔ አይደለም፤ ከኦግላላ ላኮታ ሕዝብ ነው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ማንም ሳይጠብቀው 10,000 ሜትርን ያሸነፈው እሱ ነው። በዚያ ሩጫ 4ኛ የወጣው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ማሞ ወልዴ። እኔ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ትልልቆቹ ስለ አበበና ስለ ማሞ ሲያወሩ እየሰማሁ አደግሁ፣ የ10,000 ሜትሩን አሸናፊ ግን ስሙን ያነሳ ሰው አልሰማሁም። ከብዙ ዓመት በኋላ ፎቶው ሥር ቆሜ ለልጆቹ «አራተኛው የእኔ አገር ሰው ነው» ስላቸው ሳቁብኝ። ወርቅ ያገኘው የእነሱ ነዋ! አበበ በዚያው ኦሊምፒክ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማራቶን ማሸነፉን ስነግራቸው ግን ዝም አሉ። ይህን ታሪክ ዕድሜ ልኬን በኩራት ሳወራው ኖሬአለሁ። እዚያው ክፍል ውስጥ ደግሞ «ሳይድን የሚሮጥ ሞኝ ነው» ብዬ አስተምራለሁ። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው አትጠይቂኝ።

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስሟን አልጽፍም። ስትሮጥ ክንዷን ዝቅ አድርጋ ነው፣ አቧራ እንኳ የምታስነሳ አትመስልም። መስከረም መጨረሻ ላይ ግራ ቅልጥሟን እያሻሸች መጣች። አስቀመጥኳት፤ አውራ ጣቴን ከጉልበቷ ወደ ቁርጭምጭሚቷ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ ቀስ እያልኩ አወረድኩ። አንድ ቦታ ላይ ትንፋሿን ያዘች። እግሯን አልሳበችም፣ ፊቷ አልተቀየረም፤ ትንፋሿ ብቻ ቆመ። ጣቴን አልፌ ስሄድ ተነፈሰች።

እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። ሕመሙ በቅልጥሙ ርዝመት ተበትኖ ከሆነ ብዙ ጊዜ የአጥንቱ ሽፋን ተቆጥቶ ነው፤ በአንድ ጣት ጫፍ የሚሸፈን ከሆነ ግን አጥንቱ ራሱ ሊሰነጠቅ ጀምሯል ብለሽ ጠርጥሪ። ይህን ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ራጅ ተነሳች፣ ራጁ ምንም አላሳየም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ እንደማያሳይም አጥንቻለሁ። ግን ንጹሕ ራጅ ሲያዩት ልብ ያሳርፋል። መዝገቤ ላይ በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር እንደምትሮጥ ተጽፏል፤ ወደ 20 ዝቅ አደረግሁላት። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠኋት።

ወረቀቱ የእኔ ሥራ ነበር። በታይፕ ጽፌ፣ ፎቶኮፒ አድርጌ፣ ለሁሉም የማድለው፦ በረዶ በቀን ሦስት ጊዜ ለሃያ ሃያ ደቂቃ፣ እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊ፣ ወተት ጠጪ፣ በቂ ውኃ ጠጪ፣ ብዙ እንቅልፍ ተኚ። የበረዶ ማሽኑም የእኔ ነበር ማለት ይቻላል፤ ስንት ደብዳቤ ጽፌ፣ ስንት ሰው ለምኜ ያስገዛሁት። ሲሠራ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። ያንን ድምፅ እወደው ነበር። በላስቲክ በረዶ ሞልቼ ሰጠኋት፣ ወረቀቱን አራት አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ መሬት መሬት እያየች «ኦኬ» አለችኝና ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

በየሳምንቱ እጠይቃታለሁ። «በረዶውን እያደረግሽ ነው?» መሬት እያየች «አዎ»። «ሦስት ጊዜ?» ዝም። እግሩ አልተሻለውም። ውሸቷን ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ዓይኔን ማየት አልቻለችማ! ፋይሏ ላይ በገዛ እጄ «ምክር አትከተልም» ብዬ ጻፍኩ።

እስቲ ተመልከቺ። እኔ አባቴ ሲናገሩ ቀና ብዬ ዓይናቸውን ባይ ጥፊ የሚጠብቀኝ ልጅ ነበርኩ። የአክብሮት ዓይን መሬት እንደሚያይ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ዘጠኝ ዓመት አሜሪካ ተቀመጥኩና «ዓይኔን ያላየ ይዋሻል» የሚለውን ተማርኩ።

ጥቅምት ላይ አያቷ አንድ ወረቀት ሊፈርሙ መጡ። ልጆች እየተለቀሙ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት በሚወሰዱበት ዘመን ቤተሰቦቻቸው ደብቀው ያስቀሯቸው ሴት ናቸው፤ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ፊርማቸውም የጣት አሻራ ነው። አጋጣሚውን ልጠቀምበት ብዬ፣ ሐኪም ነኝ ባይ ድምፄን አውጥቼ፣ «የማታርፍ ከሆነ ይህ እግር ይሰበራል» አልኳቸው። ልጅቷ እንድትተረጉም ጠበቅሁ። ቆየች። ከዚያ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገረች። አያቷ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ተነስተውም ሄዱ። ልጅቷ በራሷ እግር ላይ የተነገረውን በራሷ አፍ እንድትደግመው ማድረጌ ያኔ አልታየኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በውድድር ላይ፣ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ላይ ተሰበረች። ድምፁን ሰማን ያሉ ነበሩ፤ እኔ አልሰማሁም፣ መውደቋን ነው ያየሁት። ሮጬ ስደርስ ተቀምጣ እግሯን በሁለት እጇ ይዛለች። አላለቀሰችም። «ይቅርታ» አለችኝ። አምቡላንስ እስኪመጣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ጠበቅን፤ እግሯን አስሬ፣ ጃኬቴን አልብሻት፣ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንድም የምናገረው ነገር አልነበረኝም።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ከአሰልጣኙ ጋር ቤቷ ሄድን። አስፋልቱ አልቆ ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር የአፈር መንገድ ነው። አንድ ትንሽ ቤት፣ አጠገቧ በሯ ወደ ምሥራቅ የዞረ ሆጋን (የዲኔዎች ባህላዊ ቤት)፣ አንድ አሮጌ ፒክ አፕ፣ ፒክ አፑ ላይ ሁለት ሰማያዊ በርሜል። የመብራት ገመድ የሚባል አይታይም። ውኃው በእነዚያ በርሜሎች ከሩቅ የሚቀዳ ነው። ዛሬም ቢሆን በናቫሆ አገር ሲሶ የሚጠጋው ቤት የቧንቧ ውኃ የለውም።

ገባን። ከምድጃው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ያቺ የእኔ ወረቀት ተሰክታለች። አራት የታጠፈችበት መስመር ይታያል። ከሥሯ አንድ ባልዲ፣ ባልዲው ጠርዝ ላይ የተጣለ ሁለት ፎጣ፣ አጠገቡ የደወል ሰዓት። አሰልጣኙ ጠየቀና የአክስቷ ልጅ ነገረን። ማታ ማታ ፎጣውን በውኃ ነክረው ደጅ ያሳድሩታል፤ ጠዋት አመዳይ ይዞት ይገኛል። ልጅቷ ከሌሊቱ አሥር ተኩል ትነሳና ሃያ ደቂቃ በሰዓት እየቆጠሩ ያስሩላታል። ማታ ከአውቶቡስ ስትወርድ በባልዲው ውኃ አንዴ፣ ከመተኛቷ በፊት አንዴ። ሦስት ጊዜ ማለት ነው። አያቷ ማንበብ ባይችሉም «3» እና «20» የሚለውን ቁጥር ለይተው ያውቁ ነበር፤ በእርሳስ አክብበውታል። የሚጠጣውን ውኃ ነው ለዚህ የሚያፈሱት።

ወተቱን ሆዷ አይቀበለውም። አያቷ ለእኔም ጭምር በጎድጓዳ ሳህን ያቀረቡት ገንፎ ነበር፣ ከሰማያዊ በቆሎ የተሠራ፣ የጥድ አመድ የተቀላቀለበት። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ያ አመድ በካልሲየም የበለጸገ መሆኑን የተማርኩት። የአጥንቷን መድኃኒት እኔ ከማዘዜ በፊት እየሰጧት ነበር።

ሌላም ነገር እዚያ ሰማሁ። ልጅቷ በየማለዳው፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ወደ ምሥራቅ ትሮጣለች። በዲኔዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ንጋትን በሩጫ ይቀበሉታል። በሳምንት ውስጥ እሱ ብቻ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እኔ ወደ 20 ዝቅ አደረግሁት ያልኩት ሃምሳ ነበር። ለምን አልነገረችኝም እንዳትይ፤ አልጠየቅኋትም። ጠይቄያትም ቢሆን «ሩጫ» ብላ አትቆጥረውም። እኔስ አሰላ ሳለሁ ስድስት ኪሎ ሜትር እየሮጥኩ ትምህርት ቤት ስሄድ ስፖርት እሠራ ነበር እንዴ?

ምግቧንም ቁጠሪው። ቁርስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ምሳ ትምህርት ቤት አምስት ተኩል ላይ፣ ልምምድ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤቷ የምትደርሰው ከምሽቱ ሁለት። በመሃል ምንም የለም። የወር አበባዋ ከቆመ አምስት ወር እንደሆነው በኋላ ለነርሷ ተናግራለች። ሯጭ ሴት ልጅ የምታቃጥለውን ያህል ካልበላች የወር አበባዋ ይቆማል፣ አጥንቷ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች ነገሩን አስፍተው ወንዶችንም ጨምረው አዲስ ስም ሰጥተውታል፤ እናንተ የምታጠኑት በዚያ ስም ነው። እኔ ግን ያኔም ሦስቱ ነገሮች አብረው እንደሚሄዱ ሰምቼ ነበር። ወንድ ነኝ፣ አፈርኩ፣ አልጠየቅሁም። እዚህ ላይ የዛሬ ወጣቶች ትበልጡናላችሁ፤ ሳታፍሩ ትጠይቃላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ሳይቀር ትመዘግቡታላችሁ።

ሰኞ ዕለት ፋይሏን አወጣሁ። የሕክምና መዝገብ ላይ የተጻፈ ነገር አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ትሰርዢዋለሽ፣ ቀንና ፊርማ ታደርጊበታለሽ፣ የተሰረዘው መነበብ አለበት። «ምክር አትከተልም» የሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ሕጉ እንደዚያ ስለሆነ ይነበባል።

አያቷ ያን ቀን ለምን ለረጅም ጊዜ እንዳዩኝ የገባኝ ግን ከዚያም በኋላ ነው። በየቤቱ እየዞረች ሕመምተኛ የምትጎበኝ የዲኔ ጤና ሠራተኛ ነበረች፤ እንደኛ ጤና ኤክስቴንሽን በያት። ቡና እየጠጣን ነገሩን ሳጫውታት ጽዋዋን አስቀመጠች። «ክፉውን ነገር በእሷ ስም ጠርተህ ተናገርክ። ለብዙ ሽማግሌዎቻችን መናገር መጥራት ነው» አለችኝ። እኔም በልቤ፣ ሟርት! አልኩ። እናቴ ብትሆን «አታሟርትብኝ» ብላ አፌን ታስይዘኝ ነበር። ቋንቋችን እኮ ለዚህ የተዘጋጀ ነው፤ «አያድርገውና»፣ «ክፉ አይንካሽና» ሳንል ስለ በሽታ አንጀምርም። ይህን ሁሉ ከአሰላ ይዤ ሄጄ፣ እንግሊዝኛ ስናገር ከደጅ ጥዬው ገባሁ። እንዴት ልበል ታዲያ ብላት፣ «ሌላ ሰው አድርገው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው የማወራው። «አንዲት ሯጭ ነበረች፣ እንዲህ ያለ ሕመም ጀመራት፣ ሳታርፍ ቀረች...» እላለሁ። እውነቱን አልደበቅሁም፤ ሰሚዋ ራሷ ትደርስበታለች። አንዳንድ ወጣት ባልደረቦቼ ይህ ማድበስበስ ነው፣ ሕመምተኛ በግልጽ የማወቅ መብት አለው ይሉኛል። ልክ ናቸው። እኔም ልክ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ከበረዶ ማሽኑ ተነስቼ ስብሰባ መሄድ የጀመርኩት። የናቫሆ አገር በ110 ቻፕተሮች የተከፈለ ነው፤ ቻፕተር እንደኛ ቀበሌ ያለ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ ስለ ስፖርት ጉዳት ንግግር አደረግሁ። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ብቻ ጠየቁኝ፦ የማን ልጅ ነህ? ዲግሪዬን ነገርኳቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ዲኔ ራሱን ሲያስተዋውቅ ከእናቱ ጎሳ ይጀምራል፣ የአባቱን ያስከትላል፣ ከዚያ የአያቶቹን። ሁለተኛ ስሄድ የእናቴን አገር፣ የአባቴን አገር፣ የአያቶቼን ስም ዘረዘርኩ፤ አስተርጓሚው ወደ ዲኔኛ ሲመልሰው ፈገግ ሲሉ አየሁ። ከልምምድ በኋላ አውቶቡስ ለሚሳፈሩ ልጆች አንድ ሳንድዊችና አንድ ፖም ይሰጥ ብዬ ነበር የጠየቅሁት። ሁለት ዓመት ፈጀ። በሙያ ዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ የማልጸጸትበት እሱ ነው። ትልቁን ሥራ የሠሩት ግን ራሳቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ምክር ቤታቸው ጤና በሚጎዳ ምግብ ላይ 2 በመቶ ታክስ ጥሎ አትክልትና ፍራፍሬውን ከታክስ ነጻ አድርጓል። በዚያ ሰፊ አገር ትልልቅ የምግብ መደብሮችን ቆጥረሽ ለመጨረስ ጊዜ አይፈጅብሽም፤ ታክሱ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያደርስ እዚያ ሆነሽ ትፈርጃለሽ።

የእናንተ ትውልድ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ከተናገርኩ አይቀር። ሦስት ወር ሠርታችሁ «አድቮኬት» (ተሟጋች) የሚል ነገር ከስማችሁ ሥር ትጽፋላችሁ። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ታስራላችሁ፣ ልጁ ግን ማታ የት እንዳደረ አታውቁም። ይህን ስል የበረዶ ማሽን እያስገዛ የተኮፈሰው ሰውዬ ማን እንደነበር አልረሳሁም፤ ስለዚህ ብዙም አትስሚኝ።

ስለ ጭንቅላት ጉዳት፣ ስለ ሙቀት ምታት የምነግርሽ የለም፤ ተምረሽዋል። በሙቀት ተመቶ የወደቀን ልጅ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሪው፣ አምቡላንሱ ይጠብቅ፤ በቃ።

ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቡድኑ አልተመለሰችም። ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ ጋሎፕ ከተማ ውስጥ አንድ መደብር ተሰልፌ ሳለ አየኋት፤ ልጅ አዝላለች። እጄን ጨበጠችኝ፤ እንደ ዲኔ አጨባበጥ ለስለስ አድርጋ። አያቷ ደህና እንደሆኑ ነገረችኝ። እግሯን ልጠይቃት ፈልጌ እግሯን ማየት ጀመርኩ፣ እሷም አየችኝና ፈገግ አለች፤ ከዚያ ተራዋ ደረሰ።

የመጻሕፍቱን ዝርዝር በሚቀጥለው ሳምንት እልክልሻለሁ፤ መነጽሬ ጥገና ላይ ነው፣ ይህንንም የጻፍኩት በባለቤቴ መነጽር ነው። ጥቅምት ላይ ከሄድሽ ጠዋቱ ይበርዳል፣ ወፍራም ካልሲ ያዢ።

ጋሼሽ